«ዋይ» የሚባለው ፊደል ለምን «የ» ይላል?

ለጋዜጣው አዘጋጆች፣ ጤና ይስጥልኝ!

በትምህርት ዓምዳችሁ ስለ ተማሪዎች እንግሊዝኛ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። የጸሐፊው ሐሳብ ባጭሩ ይኼ ነው፤ ልጆቻችን እንግሊዝኛ ሲያነቡ ይተሳሰራሉ፣ ምክንያቱም ምላሳቸው አልተገራም፣ መፍትሔው ፊልም ማየትና ፈረንጅ ማዳመጥ ነው። በአክብሮት ነው የምለው፣ አልስማማም። ምላሳቸው ምንም አልሆነም። «ጠ»ን፣ «ቀ»ን፣ «ጨ»ን፣ «ጸ»ን እና «ጰ»ን ያለ ምንም ችግር የሚያፈነዳ ምላስ ለእንግሊዝኛ ያንሳል ማለት ይከብደኛል። ችግሩ ሌላ ነው። በእንግሊዝኛ የፊደል ስምና የፊደል ድምፅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ ይህን ደግሞ ለልጆቹ ቁጭ ብሎ የነገራቸው ሰው የለም።

እኔ የቋንቋ ምሁር አይደለሁም። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሑፍ እሠራለሁ። ሰው ስሙን በእንግሊዝኛ ያስጽፋል፣ ኢሜይሉን በቃሉ ይነግረኛል፣ ሲቪ ያሠራል፣ የፓስፖርት ፎርም ያስሞላል፣ መምህራንም ፈተና ያስጽፋሉ። ስለዚህ የእንግሊዝኛ ፊደል በእኛ አፍ ሲጠራ ምን እንደሚመስል ቀኑን ሙሉ ስሰማ ነው የምውለው። አንዱ «ኢ በል» ይለኛል፤ ኢ እጽፋለሁ፤ ስክሪኑን ያይና «ኧረ ይኼን አይደለም!» ይላል፤ ለካ የፈለገው «አይ» የሚባለውን ነው። «አይ» ያለኝ እንደሆነ ደግሞ ፊደሉን መጥራቱ ይሁን እምቢ ማለቱ ግራ ይገባኛል። ጂ እና ጄማ የሁልጊዜ ጠባችን ናቸው።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። በእኛ አገር ልጅ መጀመሪያ የሚተዋወቀው ከሀ ሁ ጋር ነው። «ለ» ምን ይባላል? ለ። ድምፁስ? ለ። ስሙም ድምፁም አንድ ነው። ልጁ ገበታው ላይ የጠራውን ያንኑ እየገጣጠመ ያነባል፤ በ ላይ ለ ሲመጣ «በለ» ነው፣ አለቀ። ለይተን ስም ያወጣንላቸው ፊደሎች እንኳ ቢኖሩ ድምፃቸው የተመሳሰለብን ናቸው፤ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ። ልብ በሉልኝ፣ ድምፁ ብቻውን በሚበቃበት ቦታ ስም ማውጣት አላስፈለገንም።

ይኼው ልጅ ይህን ልማድ ይዞ እንግሊዝኛ ክፍል ይገባል። ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲን በዜማ ይላል፣ ቶሎ ይሸመድደዋል፣ ቤተሰብም ያጨበጭብለታል። ከዚያ «ሲ፣ ኤ፣ ቲ፣ ካት!» ይባላል። ክፍሉ በሙሉ ይደግማል። ግን እስቲ እናንተም ጮክ ብላችሁ ሞክሩት፤ «ሲ»ን፣ «ኤ»ን እና «ቲ»ን ቶሎ ቶሎ ለሚጠራ ሰው የሚወጣው «ሲኤቲ» ነው፤ «ካት» ከየት መጣ? ልጁ አይጠይቅም፣ ቢጠይቅም «እንደዚያ ነው» ይባላል። ያን ቀን አንድ ነገር ይገባዋል፤ እንግሊዝኛ የሚነበብ ሳይሆን የሚሸመደድ ነገር ነው። ትልቅ ሲሆንም ያው ነው፣ የማያውቀውን ቃል አያነበውም፣ ይገምተዋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ፣ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ደግሞ ማስተማሪያው ቋንቋ እሱ እንዲሆን ደነገገ። ስለዚህ ይኼ በግምት የሚሄድ ልጅ ባዮሎጂንም ፊዚክስንም በግምት ሊያነብ ነው።

የፊደሎቹን ስም አንድ በአንድ ብታዩት ግራ መጋባቱ የልጁ ጥፋት እንዳልሆነ ይገባችኋል። ቢ፣ ዲ፣ ኬ፣ ፒ፣ ቲ ጥሩ ናቸው፤ ድምፃቸው ስማቸው መጀመሪያ ላይ ተቀምጧል። ኤፍ፣ ኤል፣ ኤም፣ ኤን፣ ኤስ ደግሞ ድምፃቸውን መጨረሻ ላይ ነው ያደረጉት። እሺ፣ ይሁን። ሲ እና ጂ ግማሹን ብቻ ይናገራሉ፤ ሲ ከኋላው ኢ፣ አይ ወይም ዋይ ካለ «ስ» ነው፣ አለበለዚያ አብዛኛውን ጊዜ «ክ» ነው፤ ጂም እንዲሁ አንዴ «ጅ» አንዴ «ግ» ነው፣ እሱማ ሕጉንም ደህና አድርጎ አያከብርም። ኤች ስሙ ውስጥ ጭራሽ «ህ» የለበትም። ደብልዩ በ«ደ» ይጀምርና ድምፁ «ው» ነው፤ ስሙ የተሰጠው ለቅርጹ ነው፣ ድርብ ዩ ማለት ነው። ከሁሉም ጉዱ ዋይ ነው። ስሙ በ«ወ» ይጀምራል፣ ቃል መነሻ ላይ ሲመጣ ግን «የ» ይላል! እንግዲህ ስምና ድምፅ አንድ ነው ብሎ ያደገ ልጅ «ወ» ብሎ ለመጻፍ ዋይን ቢያነሳ ምን ይፈረድበታል? የእንግሊዝ ሕፃናትም ይኼንኑ ይሳሳታሉ።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ፒ፣ ቲ፣ ቪ ሁሉም በ«ኢ» ነው የሚያልቁት፤ በስልክ ወይም በሬዲዮ ሲሰሙ መለየት አስቸጋሪ ነው። አብራሪዎች ለዚህ ነው «አልፋ፣ ብራቮ፣ ቻርሊ» የሚባባሉት፤ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት አሁን ያለውን ዝርዝር ሥራ ላይ ያዋለው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። አዘዞ ኤርፖርት የሚያርፈው አውሮፕላንም በዚሁ ነው የሚነጋገር። እኛ ሱቅ ግን የራሳችን አለን፤ ቢ እንደ ባሕር ዳር፣ ዲ እንደ ደባርቅ፣ ጂ እንደ ጎንደር፣ ፒ እንደ ፒያሳ። ሞክሩት፣ ይሠራል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ባለቤቶቹ ራሳቸው ስም መሸምደድ ብቻውን እንደማያስነብብ ካወቁ ቆይተዋል። እንግሊዝ አገር ትምህርት ቤቶች ውስጥ ሕፃናት ፊደሉን የሚማሩት ከድምፁ ተነስተው ነው፤ «ክ፣ አ፣ ት» እያሉ ይገጣጥማሉ፣ እኛ ሀ ሁ ላይ እንደምናደርገው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ደግሞ አንደኛ ዓመት ያሉ ሕፃናት በመላ አገሪቱ አጭር የንባብ ፈተና ይሰጣቸዋል። ፈተናው 40 ቃላት አሉት፤ ከነዚህ ውስጥ 20ዎቹ ምንም ትርጉም የሌላቸው፣ ለፈተናው ብለው የፈጠሯቸው ቃላት ናቸው። ዘዴያቸው ደስ ይላል። ትርጉም የሌለውን ቃል ማንም ሸምድዶ አይመጣም፣ ልጁ ማንበብ ከቻለ ያነበዋል፣ ካልቻለ ወዲያው ይታወቅበታል። የእኛን የአራተኛና የአምስተኛ ክፍል ልጆች በእንዲህ ያለ ፈተና ብንፈትናቸው ብዬ ሳስብ ትንሽ እፈራለሁ።

«ታዲያ እንግሊዝኛ ለምን እንዲህ ተዘበራረቀ?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ፊደሉ 26 ነው፣ ድምፁ ግን በተለመደው የእንግሊዝ አነጋገር ወደ 44 ይጠጋል። ከነዚህ 20 ያህሉ አናባቢ ናቸው፤ እነሱን የሚሸከሙት ደግሞ አምስት ፊደሎች ናቸው፣ አልፎ አልፎ ከምታግዛቸው ዋይ ጋር። በዚያ ላይ ታሪክ አለው። ዊልያም ካክስተን የተባለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1476 ዌስትሚኒስተር ላይ ማተሚያ ቤት ሲከፍት የቃላቱ አጻጻፍ በማተሚያ እየረጋ መሄድ ጀመረ፤ የሕዝቡ አነጋገር ግን ገና አልረጋም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ ረጃጅሞቹ አናባቢዎች በሙሉ ከቦታቸው ተንሸራተቱ። ዛሬ «ናይት» የሚባለው ባላባት ወታደር ድሮ «ክኒኽት» ነበር የሚባለው፤ ኬውም ይጠራ ነበር፣ ጂና ኤች ተደርበው የተጻፉትም «ኽ» ነበሩ። አያችሁ፣ እንግሊዞች ዛሬ መጥራት የተዉትን የራሳቸውን ድምፅ እኛ በአንድ ፊደል ጽፈን እናሳያለን። አንዳንዱን ደግሞ ሊቃውንቱ ናቸው ያበላሹት፤ ዕዳ የሚለውን «ዴት» ላይ የማይጠራ ቢ የጨመሩት የላቲኑን «ደቢቱም» እንዲያስታውስ ብለው ነው። እኔ ሱቅ በየቀኑ የሚቆረጠው ደረሰኝም «ሪሲት» ነው የሚባለው፣ መሀሉ ላይ ያለችው ፒ እንደዚሁ ከላቲን የተለጠፈች ናት፣ «ሪሲፕት» የሚለኝ ደንበኛ ግን ምን ያድርግ፣ የተጻፈውን ነው ያነበበው።

እኛም ንጹሕ ነን አልልም። ሀ፣ ሐ እና ኀ በግእዝ የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው፤ በአማርኛ ድምፁ አንድ ሆነ፣ ፊደሉ ግን ቀረ። የሚጠብቀውንና የሚላላውንም አንጽፍም፤ «ገና» በዓሉ ይሁን «እስካሁን አልደረሰም» የሚለው ይሁን ከዐውዱ ካልሆነ አይታወቅም። ስለዚህ ፈረንጅን የምንስቅበት ብዙ ምክንያት የለንም። ልዩነቱ የእኛ ሳንካ በጣት የሚቆጠር መሆኑ ነው።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስኩ። «በፊደላችን የእንግሊዝኛን ድምፅ መጻፍ ልጁን ያበላሸዋል» የሚሉ መምህራን አሉ። እኔ ደግሞ በደንብ ከተጠቀምንበት ከፊደላችን የተሻለ መሣሪያ የለንም እላለሁ። የሚያበላሸው አጠቃቀማችን ነው። ሁሉንም ነገር ራብዕ፣ ማለትም እንደ «ካ» ያለውን አራተኛውን ፊደል፣ እናደርገዋለን። ኩባያው «ካፕ»፣ ቆቡም «ካፕ»። ኩባያው ግን ወደ «ከፕ» ነው የሚቀርበው፣ ቆቡ ነው «ካፕ»። ፍቅርን «ላቭ» ብለን እንጽፋለን፣ «ለቭ» ብንለው ይቀርባል። አውቶቡሱን «ባስ» አልነው፣ «በስ» ነበር። ግእዙ፣ እንደ «ከ» ያለው የመጀመሪያው ፊደል፣ እያለልን ለምን ራብዕ ላይ እንደምንጣደፍ አይገባኝም።

መርከብና በግም እንዲሁ። ሁለቱንም «ሺፕ» እያልን ከዚያ «እንግሊዝኛ መለየት አይቻልም» እንላለን። በጉ «ሺፕ» ነው፣ ሣልስ። መርከቡ ግን አጭር ነው፣ ወደ ሳድስ ያደላል፣ «ሽፕ» ብትሉት ይቀርባል። መኖር «ልቭ»፣ ትቶ መሄድ «ሊቭ»። መሙላት «ፍል»፣ መሰማት «ፊል»። ልክ ነው፣ የእነሱ አጭር ድምፅ ከእኛ ሳድስ ጋር ቁርጥ አንድ አይደለም፣ ወደ ፊት ጠጋ ይላል፤ ግን ሁለቱን ቃላት አንድ አድርጎ ከመጥራት በብዙ ይሻላል። ስፓኒሽና ጣሊያንኛ የሚናገሩ ሰዎች ይኼን ልዩነት ለማምጣት ብዙ ይቸገራሉ፤ እነሱ ሳድስ የላቸውማ።

ከሁሉም በላይ የምወደው ግን ይኼኛው ነው። በእንግሊዝኛ በብዛት የሚመጣው አናባቢ «ኤ»ም፣ «ኢ»ም፣ «ኦ»ም አይደለም። የራሱ ፊደል የሌለው፣ በየቃሉ ሥር የሚሸሸግ፣ የደከመ ድምፅ ነው። እኛ ግን አለን! ግእዛችን ለሱ በጣም የቀረበ ነው። መምህሩ በለንደን አፍ «ቲቸ» ነው፣ ቸ በግእዝ፣ መጨረሻ ላይ ር የለችበትም። አሜሪካኖች ርዋን ይጠሯታል፣ እሱ ሌላ ነገር ነው። ሙዝ «ባናና» አይደለም፣ «በናነ» ነው። «ስለ» የሚለው ቃል «አባውት» ሳይሆን «ኧባውት» ነው። ምቹ የሚለውን የእኛ ልጅ «ኮምፎርታብል» ብሎ ፊደል ሳይጥል ያነበዋል፣ እንግሊዙ «ከምፍተብል» ብሎ ይጨርሰዋል። ይኼን ድምፅ የሚያስተምሩ መምህራን በየአገሩ ምስል እየሣሉ አፍ እያሳዩ ነው የሚለፉት፤ እኛ ልጁን «ግእዝ አድርገው» ብንለው ይበቃል። ማንም ግን አይለውም።

ኧ የምትባለውን ፊደል ንቀናታል፣ አንዱ ችግር እሱ ነው። ኪቦርድ ላይ አለች፣ ተቀምጣለች፣ የሚነካት የለም።

ሁለት ነገር ቶሎ ቶሎ ብዬ ልለፍ። አንደኛው መጥበቅ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ሁለት ተመሳሳይ ፊደል ተከታትለው ሲያይ ያጠብቃል፤ ራት የሚለውን «ዲነር» ነውን ረግጦ ይጠራዋል። እንግሊዝኛ አንድ ቃል ውስጥ አያጠብቅም። ሁለቱ ኤኖች የተደረደሩት ከፊታቸው ያለው አናባቢ አጭር መሆኑን ለማሳየት ነው፤ አንዷን ብታነሱ «ዳይነ» ይሆናል፣ ያ ደግሞ ምግብ ቤት ነው። ሁለተኛው ያለፈ ጊዜ የሚያሳዩት ኢ እና ዲ ናቸው። ሁልጊዜ «እድ» አይባሉም። «እድ» የሚሆኑት ግሱ በት ወይም በድ ካለቀ ብቻ ነው። በክ፣ በፕ፣ በፍ፣ በስ፣ በሽ፣ በች ካለቀ «ት» ናቸው፤ ተራመደ «ዎክት» ነው እንጂ «ዎልክድ» አይደለም፣ ኤልዋም አትጠራም። በቀረው ሁሉ «ድ» ናቸው። ጣታችሁን ጉሮሯችሁ ላይ አድርጋችሁ ስ እና ዝን እያፈራረቃችሁ ጥሩ፤ ዝ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ስ ላይ ዝም ይላል። ሕጉ ያ ብቻ ነው። ሰዋስው ተብሎ ስንት ገጽ የሚያስጨርስ ነገር በአንድ ደቂቃ በጣት ይታያል።

ድምፅ ስለሚጫንበት ቦታ ግን ቶሎ ማለፍ አልችልም፣ በተለይ ከጎንደር ሆኜ። እዚህ ከተማ ውስጥ ስንት ደብር፣ ስንት የኔታ አለ! የቤተ ክርስቲያን ንባብ ቤት የገባ ልጅ የግእዝን ቋንቋ ፊደል እየቆጠረ ብቻ አይደለም የሚያነበው። የቱ ቃል ተነሽ፣ የቱ ወዳቂ፣ የቱ ሰያፍ፣ የቱ ተጣይ እንደሆነ ይለያል፤ እነዚህ የቃሉ ድምፅ የሚነሳበትንና የሚወድቅበትን መንገድ የሚለዩ ስሞች ናቸው። የት ላይ ድምፁን ከፍ እንደሚያደርግ፣ የት ላይ እንደሚጥል ውርድ ንባብና ቁም ንባብ በሚባሉት የንባብ ስልቶች ላይ በጆሮው ይቀረጻል፤ ተነሹን ወዳቂ አድርጎ ያነበበ ቢገኝ የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነውም ቢሆን «ተመለስ!» ይላሉ። ይኼን ሁሉ የሚያደርጉት በቃል ነው፣ ፊደሉ ላይ አልተጻፈም። እንግሊዝኛም ልክ እንዲህ ያለ ቋንቋ ነው። የሚነሳውና የሚወድቀው ቦታ ፊደሉ ላይ አይታይም፣ ከሳቱት ግን ሰሚው ቃሉን ራሱን ያጣዋል።

የእኔን ሙያ ልጥቀስ። ፎቶግራፍ በእንግሊዝ አፍ «ፎውተግራፍ» ነው፣ መጀመሪያው ላይ ተነስቶ። ፎቶ አንሺው ግን «ፈቶግረፈ» ነው! የተነሳው ክፍል ወደ መሀል ሲዛወር ፎው ወደ ግእዝ ወረደች፣ ተ ደግሞ ቶ ሆና ተነሳች፣ ግራ ግረ ሆነች። ሕጉ ግልጽ ነው፤ የተጫነበት ክፍል አናባቢውን ይይዛል፣ የቀረው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ግእዝ ወይም ወደ ሳድስ ይወድቃል። እኛ ግን ሁሉንም እኩል እየረገጥን «ፎ-ቶ-ግራ-ፈር» እንላለን፣ እንግሊዙም ግንባሩን ይቋጥራል። እኛም ድምፃችን ችግር ያለበት ይመስለናል። ድምፃችን ደህና ነው፣ ሁሉንም ተነሽ ማድረጋችን ነው ያስቸገረው። ልጅ ሆኖ ንባብ ቤት ያለፈ ሰው ይኼ ነገር ሲነገረው ወዲያው ነው የሚገባው፤ እኔ ያየሁት ነው። የዘመናዊው ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህርና የደብሩ የኔታ አንድ ቀን ቁጭ ብለው ቢጫወቱ መምህሩ ብዙ ያተርፍ ነበር።

ስለ ምላስም ትንሽ ልበል፣ ጽሑፋችሁ የተነሳው ከሱ ስለሆነ። አዎ፣ ምላስን በጥርስ መሀል አድርጎ የሚወጣው ድምፅ በአማርኛ የለም። ማሰብ የሚለውን «ሲንክ» እንለዋለን፣ መስመጥ ይሆናል። ጉሮሮ እያንቀጠቀጠ የሚወጣውን ወንድሙን ደግሞ በዘ ተክተን «ማዘር»፣ «ፋዘር»፣ «ብራዘር» ብለን የከተማ አማርኛ አድርገነዋል፣ ማንም አልሞተም። ለንደን ውስጥ ራሱ «ፊንክ» የሚሉ አሉ፣ አይርላንድ ውስጥም ወደ «ት» የሚያስጠጉት ሞልተዋል። ስለዚህ ያ ድምፅ ካልወጣ ልጁ አበቃለት ማለት አይደለም። ከሱ በፊት አናባቢውና የሚነሳው ቦታ ይስተካከል።

በጥምቀት ሰሞን ፋሲለደስ መዋኛ አካባቢ የሚመጡትን ቱሪስቶች አይታችኋል? «ቲምኬት» ይላሉ። ጠ የላቸውም፣ ቀም የላቸውም። ማን ይስቅባቸዋል? እንዲያውም «ኧረ ጎበዝ! አማርኛ ይችላል እኮ!» ይባላሉ፣ ዳቦም ጠላም ይቀርብላቸዋል። የእኛ ልጅ ግን ክፍል ውስጥ ተነስቶ «እስትሪት» ብሎ ቢጀምር ክፍሉ በሳቅ ያልቃል፣ አንዳንዴ መምህሩም አብሮ ይስቃል። «እስ» ያለው ሰንፎ አይደለም፤ አማርኛ ቃል መነሻ ላይ ሦስት ተነባቢ አይደረድርም፣ ስለዚህ አፉ መንደርደሪያ እ አስገባ። ስፓኞችም ይኼንኑ ያደርጋሉ። ስ ላይ ትንሽ አቆይቶ «ስስስትሪት» እንዲል ቢነገረው ይለቀዋል። ከተሳቀበት ግን ሁለተኛ እጁን አያወጣም።

የከተማችንን ስምም ላንሳው። ፒያሳ ቆማችሁ ታፔላዎቹን ብታዩ አንዱ ከመጨረሻዋ አር በፊት ኤ አድርጓል፣ ሌላው ኢ አድርጓል። ሁለቱም ትክክል አይደሉም፣ ሁለቱም ስህተት አይደሉም። «ደ»ን የሚጽፍበት ፊደል ላቲኑ የለውም። ኤ ሲደረግ ፈረንጁ «ጎንዳር» ይላል፣ ኢ ሲደረግ «ጎንዴር» ሊል ይችላል። ይኼ ቀልድ አይደለም፤ ሰው ዲፕሎማው ላይ በኤ፣ ፓስፖርቱ ላይ በኢ የተጻፈ ስም ይዞ እየመጣ «ሁለት ሰው ነህ ተባልኩ» ይለኛል። መኮንን በአንድ ኤን፣ መኮንን በሁለት ኤን። ጸሐፊው የሰማውን መታ፣ ባለ ስሙ ተቸገረ። ቢያንስ ለስም አጻጻፍ አንድ ወጥ ሕግ ቢኖረንና ሁሉም መሥሪያ ቤት ቢከተለው ስንት ሰው ከመመላለስ ይድን ነበር።

እንግዲህ ከእናንተ የምፈልገው ብዙ አይደለም። በትምህርት ገጻችሁ ላይ «በዚህ ሳምንት የሚሸመደዱ ቃላት» የምትሉትን ዝርዝር ግማሹን ቀንሱና በቦታው አንድ ድምፅ አውጡ፤ አንድ ሳምንት ሲ፣ አንድ ሳምንት የደከመውን ኧ፣ አንድ ሳምንት ያለፈ ጊዜውን ት። በአማርኛ ፊደል ጻፉት፣ ግን ግእዙን ከራብዕ፣ ሳድሱን ከሣልስ ለዩ። የሚነሳውን ክፍል በወፍራም ቀለም አድርጉት። እናትና አባት አንብበው ለልጃቸው ሊያሳዩት የሚችሉት ነገር ይሆናል። የታች ክፍል መምህራን ካነበባችሁኝም፣ ልጁ ኤ ቢ ሲ ዲን ከመዝፈኑ በፊት ክ፣ አ፣ ትን ይገጣጥም፤ ስሙን በኋላ ይማረዋል፣ ለስልክና ለኢሜይል ያስፈልገዋል። ዜድ ነው ዚ የሚለው ክርክርም እስከዚያው ይቆይ፣ እንግሊዝ ዜድ ይላል፣ አሜሪካ ዚ ይላል፣ አለቀ።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ይኼን ደብዳቤ የምታወጡት ከሆነ የፊደል አራሚያችሁ እዚህ ውስጥ ያሉትን ኧዎች ወደ አ፣ «በናነ»ን ወደ «ባናና» እንዳያስተካክልብኝ አደራ።

አንባቢያችሁ
ጎንደር፣ ፒያሳ